የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ ሄዶ ማየት፦ አዳማ ላይ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄዎች

አባቴ ባለጋሪ ነበር። አዳማን ባጃጅ ሳያጥለቀልቃት በፊት ከፍራንኮ እስከ ባቡር ጣቢያ ያለውን መንገድ ጉድጓዱን ሳይቀር እሱና ፈረሱ በቃላቸው ያውቁት ነበር። ከዚያ ቤት የወጣ ሰው ስለ ፈረስ ቢጠየቅ አይገርምም። እህቴ ሜሪላንድ ከገባች ወዲህ ደግሞ ሁለት ጊዜ ሄጄ የእሽቅድምድም ሜዳ አይቼ ስመለስ ጥያቄው በዛብኝ። ልጆቻቸው ዘንድ ሊሄዱ ቪዛ የሚጠብቁ እናቶች፣ ዱባይ የሚሠሩ ልጆች፣ ቡና ላይ የሚያገኙኝ የሰፈር ሰዎች፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ነገር ነው የሚጠይቁኝ። አንዴ ጽፌው ልገላገል። “በእኛ አቆጣጠር” ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።

ሜዳው እንደ ኳስ ስታዲየም ነው?

አይደለም። ኳስ ሜዳን ሰው ዙሪያውን ይከበዋል። የፈረስ ሜዳ ሞላላ መሮጫ ነው፤ ባልቲሞር የነበረው አሮጌው ፒምሊኮ ለምሳሌ አንድ ዙሩ 1.6 ኪሎ ሜትር ነበር። ተመልካች የሚቀመጠው በአንድ ወገን ብቻ ነው፣ የመጨረሻው መስመር ባለበት። ፈረሶቹ ማዶ ሲደርሱ ጉንዳን ያህላሉ፤ ያን ጊዜ ጥላ ፎቅ ያለውም መሬት የቆመውም ዓይኑን ወደ ትልቁ ስክሪን ነው የሚያዞረው።

“ጥላ ፎቅ” ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። የአዲስ አበባን ስታዲየም ለሚያውቅ ሰው በዚያው ቋንቋ ማስረዳት ይቀለኛል። ጣሪያ ያለው ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ጥላ ፎቅ ነው በሉት። ከጎኑ ምንጣፍ የተነጠፈበት፣ ምግብ ቤት ያለው፣ አንዳንዴም አለባበስ የሚጠየቅበት ክፍል አለ፤ እሱ ክቡር ትሪቡን። ከሕንፃው ፊት እስከ መሮጫው አጥር ድረስ ያለው ሲሚንቶ ወይም ሣር፣ ሕዝቡ ቆሞ የሚያይበት፣ ሚስማር ተራ። በመሮጫው የተከበበው መሃል ሜዳ ደግሞ በትልቁ ቀን ለሰው ሲከፈት ካታንጋ ይሆናል። ጩኸቱም ቢራውም እዚያ ነው።

እኔ ገንዘብ ቢተርፈኝም ሚስማር ተራን ነው የምመርጠው። ከላይ ሆኖ ውድድሩን ሙሉውን ማየት ይቻላል፤ እሱን አልክድም። አጥሩ ጋ ሲቆሙ ግን የሚያዩት የመጨረሻዋን ጥቂት ሰከንድ ብቻ ቢሆንም መሬቱ ከእግር ሥር ሲንቀጠቀጥ፣ ጋላቢዎቹ እርስ በርስ ሲጯጯሁ፣ አፈሩ ሲበተን ይሰማል። ቴሌቪዥን ያንን አያመጣም።

መግቢያው ስንት ነው?

ከምታስቡት ያነሰ። አሜሪካ ውስጥ በተራ ቀን በነፃ ወይም በጥቂት ዶላር የሚያስገቡ ሜዳዎች ብዙ ናቸው። ገቢያቸው ከውርርዱ ስለሆነ በር ላይ ብዙም አይጨነቁም። ዋጋው ሰማይ የሚነካው በትልቁ ቀን ነው፤ ኬንታኪ ደርቢ፣ ፕሪክነስ፣ የመሳሰሉት። ፈረስ ለማየት የምትሄዱ ከሆነ ተራውን ቀን ምረጡ። ትልቁ ቀን ባርኔጣ ማያ ነው።

እንግሊዝ ያላችሁ ደግሞ ኤፕሰምን አትርሱ። የእንግሊዙ ደርቢ የሚባለው የፈረስ ውድድር ከ1780 ጀምሮ የሚሮጥበት ሜዳ ነው፤ ከመሮጫው ወዲያ ያለው ኮረብታ የሕዝብ ስለሆነ ያለ ትኬት ቆሞ ማየት ይቻላል። ክቡር ትሪቡኑ ማዶ ለብሶ ተቀምጦ፣ ሕዝቡ ምሳውን ቋጥሮ ሣሩ ላይ ዘርግቶ፣ ሁለቱም አንድ ውድድር ያያሉ። እኔን የሚማርከኝ እንዲህ ያለው ሜዳ ነው።

እናቴን ይዤ ልሄድ ነበር፤ ጉልበቷን ያማታል። ትችለው ይሆን?

ከሁሉም በላይ የሚመጣው ጥያቄ ይሄ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

አሜሪካ ከ1990 ጀምሮ የአካል ጉዳተኞች መብት ሕግ አላት። ሜዳው ለዊልቸር ቦታ ማዘጋጀት አለበት፤ ከጎኑም አብሮ ለመጣ ሰው መቀመጫ መኖር አለበት። እናትህ እዚህ፣ አንተ ሦስት ፎቅ ላይ፣ አይባልም። ትኬቱን ስትገዛ አስቀድመህ መጠየቅ ነው፤ በር ላይ ደርሶ “ጉልበቷን ያማታል” ማለት እኛ አገር እንደሚሠራው ሁልጊዜ አይሠራም።

ሕግ ግን ሕንፃን አያድስም። ብዙዎቹ ሜዳዎች የተሠሩት ሰው ደረጃ መውጣት ግዴታው በነበረበት ዘመን ነው፤ ሊፍቱም ራምፑም ኋላ የተለጠፈ ነው። አንድ ጊዜ እማዬን ይዤ የሄድኩበት ሜዳ፣ ስሙን መጥራት አልፈልግም፣ ትኬታችን ጥላ ፎቅ ነበር፤ ሊፍቱ ላይ “አይሠራም” የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ወረቀቱ ራሱ ጠርዙ ቢጫ ሆኗል። እማዬ “በስመ አብ” ብላ ደረጃውን ጀመረች፤ አሥራ አንደኛው ላይ ተቀመጠች። ትኬት የሚቆርጡት ሽማግሌ ይሄን አይተው ከቢሯቸው የራሳቸውን ወንበር አወጡና ታች፣ አጥሩ አጠገብ፣ ጥላ ፈልገው አስቀመጡልን። እኔና እህቴ ላይ ሆነን ካየነው እማዬ ከዚያ ያየችው በለጠ።

ከዚያ ቀን ያተረፍኩት ምክር ይሄ ነው፦ ከመሄድህ በፊት ደውለህ “ዊልቸር ይገባል?” አትበል፤ “አዎ” ይሉሃል። “ሊፍቱ ዛሬ ይሠራል? ሽንት ቤቱ ከመቀመጫው በስንት ደረጃ ይርቃል? መኪና የምናቆምበትስ ከበሩ ስንት ደቂቃ ያስሄዳል?” በል። የመኪና ማቆሚያው ስፋት ለብዙ ሺህ ሰው ታስቦ የተሠራ ስለሆነ አዛውንትን የሚያደክመው ብዙ ጊዜ ሜዳው ሳይሆን እሱ ነው። ነጠላም ይያዝላቸው፤ ሲሚንቶው ላይ ነፋሱ የአዳማን ያስንቃል።

የመሃል ሜዳው ትኬት ርካሽ ነው። ልግዛው?

ሙዚቃ ከወደድክ ግዛው። ፈረስ ለማየት ከሆነ ተወው፤ ቀኑን ሙሉ ውለህ አንድም ፈረስ ሳታይ ልትመለስ ትችላለህ።

ፒምሊኮን ለምን አፈረሱት?

ሜሪላንድ ያላችሁ ሁሉ የምትጠይቁት ስለሆነ ነገሩን ከሥሩ እናንሳው። ፒምሊኮ የተከፈተው በ1870 ነው፤ አድዋ ገና 26 ዓመት ይቀረው ነበር። ፕሪክነስ የሚባለው ውድድር ከ1873 ጀምሮ ይታወቃል። ሜዳው መሃል ጉብታ ነበረው፤ ቅጽል ስሙም ከዚያው የመጣ “አሮጌው ኮረብታ” ነው። ጉብታው ማዶ የሚሮጡትን ፈረሶች ከተመልካች ስለሚጋርድ በ1938 ተደለደለ። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ላይ ሲቢስኬትና ዋር አድሚራል የሚባሉት ሁለት ፈረሶች ብቻ ለብቻ የተፋለሙት እዚያው ነው፤ 40,000 የሚሆን ሰው ወጥቶ አየ። የጥንቱ የክለቡ አባላት ቤት በ1966 ተቃጠለ፤ ከሱ የቀረው ትዝታ የጉልላቱ አምሳያ ነው። ጫፉ ላይ ባለው የነፋስ ጠቋሚ ላይ በየዓመቱ የአሸናፊው ማልያ ቀለም ይቀባል።

ታሪክ ያለው ሜዳ ነው እንግዲህ። ግን ታሪክ ጣሪያ አይጠግንም። በ2019፣ ፕሪክነስ ሊሮጥ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ አሮጌው ትሪቡን የሰው ክብደት አይችልም ተብሎ 6,670 መቀመጫ በአንድ ጊዜ ተዘጋ። ትኬት የገዛ ሰው ሌላ ቦታ ተፈልጎለት ተሸጋሸገ። በዚያው ዓመት በውድድሩ ቀን የውኃ ግፊት ወርዶ ሽንት ቤቶቹ ችግር ውስጥ ገቡ። ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ባለበት ግቢ ማለት ነው፤ እንዴት እንደነበረ ለእናንተው ልተወው። ቀደም ሲል በ1998ም በሙቀት ቀን መብራት ጠፍቶ ነበር። መብራት መጥፋት የእኛ ብቻ ይመስለን ነበር።

የሜሪላንድ መንግሥት በ2024 ሜዳውን ተረክቦ 400 ሚሊዮን ዶላር በሚሆን ገንዘብ አፍርሶ ሊሠራው ወሰነ። አሮጌው ፒምሊኮ የመጨረሻውን ፕሪክነስ ያስተናገደው በግንቦት 2025 ነው፤ የ2026ው ወደ ሎረል ፓርክ ተዛወረ። ሎረልም ቢሆን ልጅ እንዳይመስላችሁ፣ የ1911 ነው።

ሰው ስላልመጣ ነው ያረጀው ወይስ ስላረጀ ነው ሰው የቀረው?

ይሄን የጠየቀኝ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ነው፤ ጥያቄውን ወድጄዋለሁ።

ድሮ በፈረስ ለመወራረድ ሜዳው መሄድ ግድ ነበር። ኋላ ከሜዳ ውጭ የሚያወራርዱ ሱቆች መጡ፤ ቀጥሎ የሌላውን ሜዳ ውድድር በስክሪን ማስተላለፍ መጣ፤ በመጨረሻ ስልክ። ገንዘቡ አልጠፋም፣ ሰውዬው ነው ቤቱ የቀረው። ለ50,000 ሰው የተሠራ ሕንፃ በተራው ማክሰኞ 500 ሰው ሲገባበት የላይኛውን ፎቅ መጥረግ ራሱ ኪሳራ ነው። ይቆለፋል። የተቆለፈ ፎቅ ጣሪያው ሲያፈስ የሚያይ የለም። ስለዚህ መልሴ “ሰውየው ቀድሞ ቀረ” ነው።

ግን እርጅና ብቻ ሜዳ አይዘጋም፤ መሬቱ ይዘጋዋል። ቺካጎ አጠገብ የነበረው አርሊንግተን በሐምሌ 1985 ትሪቡኑ ሙሉ በሙሉ ተቃጠለ። ከ25 ቀን በኋላ፣ አመዱ ተጠርጎ፣ ድንኳንና ጊዜያዊ መቀመጫ ተዘርግቶ የሚሊዮን ዶላሩን ውድድር አካሄዱ! በ1989 በአዲስ ሕንፃ ተከፈተ፤ ያዩት ሁሉ ካገሩ ውብ ሜዳዎች አንዱ እሱ ነው ይሉ ነበር። ያን ሁሉ ሆኖ በ2021 ተዘጋ፤ በ2023 የአሜሪካን እግር ኳስ ቡድኑ ቺካጎ ቤርስ መሬቱን በ197.2 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ሎስ አንጀለስ የነበረው ሆሊውድ ፓርክም ከ1938 እስከ 2013 ኖሮ ዛሬ ቦታው ላይ ትልቅ ስታዲየም ቆሟል። ሲንጋፖር ከ1842 ጀምሮ ፈረስ ስታሽቀዳድም ኖራ በጥቅምት 2024 የመጨረሻውን ሮጠች፤ መሬቱ ለመኖሪያ ቤት ተፈልጓል። ከተማ ሲሰፋ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ሰፊና ዝም ያለ ሜዳ ላይ ነው። አዳማ ላይ ልጅ ሆነን ኳስ የተጫወትንባቸውን ቦታዎች ቁጠሩና ስንቱ ዛሬ ፎቅ እንደሆነ ንገሩኝ።

አዲስ ሲሠራ ታዲያ ለተመልካች ይሻላል?

ሽንት ቤቱ ይሻላል። እይታው ግን ዋስትና የለውም።

እንግሊዝ አስኮት በ1711 የተመሠረተ ሜዳ ነው። ከ200 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ወጥቶበት በ2006 አዲሱ ሕንፃ ተመረቀ፤ የብርጭቆ ጣሪያ፣ ረጅም አዳራሽ፣ የሚያምር ነገር። ሰው ገብቶ ቢቆም ታችኛው ክፍል ያለው ፈረሱን አያይም! የፊተኛው ሰው ጭንቅላት ይጋርደዋል። ቁጣው ሲበረታ እንደገና ተጨማሪ ሚሊዮኖች አውጥተው መቆሚያውን አስተካከሉት። ንድፉን የሠራው ሰው አንድ ቀን ሚስማር ተራ ቆሞ ቢያውቅ ኖሮ ይሄ አይደርስም ነበር ባይ ነኝ።

ሌላው ነገር ሕንፃዎቹ እየጠበቡ ነው። ኒው ዮርክ ያለው ቤልሞንት ፓርክ በ1905 ተከፍቶ በ1968 እንደገና የተሠራ ግዙፍ ትሪቡን ነበረው። እሱ ፈርሶ የሚተካው አዲሱ ሕንፃ የአሮጌውን ሩብ እንኳ አይሞላም። ግንባታው እስኪያልቅ ትልቁ ውድድር ወደ ሳራቶጋ ሄደ፤ ሳራቶጋ መሮጫዋ አነስ ስለሚል ርቀቱ ከ2,400 ሜትር ወደ 2,000 ገደማ ተቆረጠ። ሂሳቡ ይገባኛል፤ ባዶ ወንበር ማን ይጠርጋል? ብቻ ሕንፃውን ሲያሳንሱ የሚቀንሱት ክቡር ትሪቡኑን አይደለም።

መቀመጫው ቢደረመስስ?

ያስፈራል፣ ደግሞም ደርሷል። በየካቲት 1918 ሆንግ ኮንግ፣ ሃፒ ቫሊ የሚባለው ሜዳ ላይ፣ ከቀርከሃና ከሰሌን የተሠራ ጊዜያዊ መቀመጫ ሰው እንደሞላው ተደረመሰ። ሥሩ ምግብ የሚያበስሉ ነጋዴዎች ነበሩ፤ እሳቱ ሰሌኑን ያዘ። ወደ 600 የሚጠጋ ሰው አለቀ። እኛም ሩቅ አንሄድም፤ በጥር 2020 ጎንደር፣ ጥምቀት ላይ፣ የእንጨቱ መቀመጫ ተደርምሶ ቢያንስ አሥር ሰው ሞቷል፣ ከመቶ በላይ ተጎድቷል።

ሁለቱም ጊዜያዊ ነበሩ። ስለዚህ እኔ የማየው ይሄን ነው፦ መቀመጫው ለዛሬ የቆመ ነው ወይስ የቆየ? ሥሩ ምን አለ? ሰው ሲዘል ይወዛወዛል? ከተወዛወዘ ትኬቴ የመጀመሪያው ረድፍ ቢሆንም ወርጄ መሬት እቆማለሁ። አሮጌ ኮንክሪት ደግሞ ብረቱ ሲዝግ ያብጥና ሲሚንቶውን ይሰነጥቀዋል፤ ከጣሪያው ሥር ቡናማ ውኃ የወረደበት መስመር ካያችሁ ከዚያ ሥር አትቀመጡ።

ዱባይ ነኝ። እዚህስ?

አንቺ ዕድለኛ ነሽ። ሜይዳን በ2010 የተከፈተ ነው፤ ትሪቡኑ ብቻ ወደ 1.6 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፣ 60,000 ሰው ይይዛል። ወቅቱ ብርዱ ነው፣ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ድረስ ባለው ጊዜ፤ በተራው የውድድር ምሽት ለሕዝብ የተለየው ቦታ በነፃ የሚገባበት ነው። ውርርድ የለም፤ በነፃ ገምቶ መሸለም ነው ያለው። የዕረፍት ቀንሽ ከገጠመ ከጓደኞችሽ ጋር ሂዱ። ለዱባይ ዓለም ዋንጫ ቀን ግን ትኬት አስቀድሞ ነው።

ቅርባችንስ የለም?

ናይሮቢ፣ ንጎንግ። ከ1954 ጀምሮ ያለ ሜዳ ነው፤ ቤተሰብ እሑድ ምንጣፍ ይዞ የሚሄድበት።

እኛ አገርስ ለምን የለንም?

ነበረን እኮ። ጃንሜዳ በንጉሡ ዘመን ፈረስ ይሽቀዳደምበት ነበር። ዛሬ ጥምቀት ይከበርበታል፣ አገር አቋራጭ ይሮጥበታል፤ በ2020 ኮሮና ሲገባ ደግሞ አትክልት ተራ ተነሥቶ እዚያ ሰፍሮ ሽንኩርትና ቲማቲም ሲራገፍበት ከረመ። ፈረሱ ብቻ ነው ያልተመለሰው።

ፈረስ ወዳድ አይደለንም አይባልም። ነገሥታቱና መኳንንቱ በፈረስ ስማቸው ነበር የሚጠሩት፤ አባ ታጠቅ ቴዎድሮስ፣ አባ ዳኘው ምኒልክ፣ አባ ነጋ አሉላ። ዛሬም በእኛ አቆጣጠር ጥር 23 እንጅባራ ብትሄዱ የአገው ፈረሰኞች በግላስ አሸብርቀው ሜዳውን ሲሞሉት ታያላችሁ። እዚያ የትኬት ወግ አይታሰብም፤ ቀድሞ የመጣ ፊት ይቆማል።

“አዳማ ላይ ይሠራልን” የሚሉኝ አሉ። አየሩ ሞቃት፣ መሬቱ ሜዳ፣ ከአዲስ አበባ በፈጣን መንገዱ አንድ ሰዓት ተኩል አይሞላም፤ አይከፋም ነበር። ግን መጀመሪያ ያለንን እንይ። የአፍሪካን ዋንጫ ሦስት ጊዜ ያዘጋጀች አገር ደረጃውን የሚያሟላ ስታዲየም አጥታ ብሔራዊ ቡድኗ “በሜዳው” የሚጫወተውን ሰው አገር ሲጫወት ከርሟል። ጥላ ፎቁን ሳንጠግን መሮጫ ብንጨምር ምን እናደርገዋለን?

ካልተወራረድኩ ያስወጡኛል? ልጆችስ ይገባሉ?

ማንም አያስወጣህም። ልጆችም ከአዋቂ ጋር በአብዛኛው ይገባሉ፤ መወራረጃው መስኮት ጋ ግን አይደርሱም። አንተም ባትደርስ ደስ ይለኛል።

ፈረሱን ቀርቦ ማየት ይቻላል?

ይቻላል፤ ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ይሄንን ነው። ከእያንዳንዱ ውድድር በፊት ሩብ ሰዓት ያህል ሲቀር ፈረሶቹን አንድ ትንሽ ግቢ ውስጥ እየመሩ ያዞሯቸዋል። ብዙ ቦታ ማንኛውም ትኬት ያለው ሰው አጥሩን ተደግፎ ያያል፤ መንካት ግን አይቻልም። አንገቱ ላይ ላብ አረፋ የሠራ፣ ጆሮውን ወደ ኋላ የጣለ ፈረስ ገና ሳይሮጥ እየደከመ ነው። አባቴ ፈረስ ሊገዛ ሲሄድ ጥርሱን ሳያይ መጀመሪያ አረማመዱን ነበር የሚያየው፤ የኋላ ኮቴው የፊቱ ዱካ ላይ ያርፋል ወይ ይላል። እኔም እዚያ ቆሜ እሱን ነበር የምፈልገው።

እማዬ ያን ቀን ሽማግሌው በሰጧት ወንበር ሆና እዚያ ድረስ ወሰድናት። ቁመቱ ከጣሪያ የሚደርስ፣ ቆዳው እንደ ሐር የሚያበራ፣ እግሩ ግን እንደ ሸንበቆ የቀጠነ ፈረስ ፊቷ ሲያልፍ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ ብዙ አየችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ “ይሄማ አንድ ቀን የአባትህን ጋሪ ቢጎትት ማታውን ይሞታል” አለችኝ።